ሽማግሌው ባለሙያና ወጣቱ ባለሙያ አብረው ስለሚሠሩበት መንገድ

በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓይነት ባለሙያ ይገኛል። አንደኛው ብዙ ዘመን ያገለገለ፥ መሬቱን በጠባዩ ገበሬውን በስሙ የሚያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ፥ በኮምፒዩተር የሚጽፍና የሚያሰላ ነው። ሹም አንዱን አክብሮ ሌላውን ቢተው የሚጐዳው ሥራው እንደ ሆነ የጤፍ ምርምር ታሪክ ያስረዳል።

የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ከመሆኑም በላይ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ፥ ሁለት ዘር በእጅ ማዳቀል የማይቻል መስሎ ብዙ ዘመን ኖሯል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የገበሬውን ዘር እየሰበሰቡ መልካም መልካሙን ይመርጡ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ዓመት ግን ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ አበባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት አስተውለው የማዳቀሉን መንገድ አገኙ። ነገሩ በቃል ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከባለቤቱ ጋራ ባረጀ ነበር፤ ተጽፎ ስለ ታወቀ ግን ለተከታዮቹ ደረሰ።

ቀድሞ ከተመረጡት ዘሮች ዱከም የተባለው ምርቱ ብዙ ነው፤ ነጭነቱ ግን የማኛን ያህል አይደለም። ማኛ ደግሞ እጅግ ነጭ ሲሆን ምርቱ ያንሳል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የኋለኞቹ ባለሙያዎች ሁለቱን አዳቅለው ያወጡት ቁንጮ በ2006፥ በእኛ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ለገበሬ ተፈቀደ። ከማለዳው ምልከታ እስከ ቁንጮ 32 ዓመት መሆኑን አንባቢው ያስተውል፤ ይህም የአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን ያህል ነው።

እንግዲህ ጡረታው የቀረበ ባለሙያ ባለበት ወረዳ፥ ከዘር እስከ አጨዳ አንድ ወጣት ተመድቦለት አብሮት ወደ ማሳ ይውረድ። ሽማግሌው የሚናገረውን ወጣቱ ይጻፍ፥ የጻፈውንም አንብቦለት ያሳርም። (ታላቅ ሰው ሲናገር ደብተር ማውጣት ነውር የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ ሹሙ በትእዛዝ ቢያደርገው እፍረቱ ይቀርላቸዋል።) ወጣቱም ኮምፒዩተሩን ሲያስተምር በሰው ፊት ባይሆን ይሻላል፤ ሽማግሌ በልጁ እኩያ ፊት መሳሳትን ይፈራልና። የሥራው መግለጫ ሲጻፍ የሁለቱም ስም ይግባበት። እኔ እንደማየው ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእውቀት ልዩነት ሳይሆን ከስም መቅረት ነው።

በጡረታ የሚሰናበተውም ሰው ንብረት ሲያስረክብ፥ የማሳ ማስታወሻ ደብተሮቹ ከጽሕፈት ቤቱ ቁልፍና ከሥራ መሣሪያው ጋራ በርክክቡ መዝገብ ተቈጥረው ይግቡ።