ቆረቆር ለምን በቅባት አይድንም?

ጅማ ውስጥም ሆነ እንደ አጋሮና ሊሙ ገነት ባሉ የቡና ከተሞች የትምህርት ቤት ሰልፍ ያየ ሰው ቆረቆርን ያውቀዋል፤ ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል የልጅ ራስ። ብዙ ቤት ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ሎሚ ይታሻል፣ አንዳንዱም ነጭ ጋዝ ይቀባል። ሽንኩርቱ ለስላሳውን ቆዳ ያቃጥላል። ነጭ ጋዝ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቆዳ ይልጣል፣ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል፣ ምድጃ አጠገብ ደግሞ እሳት ይይዛል። በምንም ምክንያት ልጅ ራስ ላይ መድረስ የለበትም።

በአገራችን ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለ ፈንገስ ነው። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ወደ ፀጉሩ ሥር ወርዶ በራሱ በፀጉሩ ውስጥ ይራባል፤ ከውስጥ የተበላው ፀጉር ከቆዳው ብቅ እንዳለ ይሰበራል፣ የቀረው ጉቶም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ቅባት እዚያ ድረስ አይዘልቅም። መድኃኒቱ በደም በኩል ሥሩ ጋ መድረስ አለበትና የሚዋጥ ክኒን ያስፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ በደንብ ወደ ደም ይገባል። ልጁ ራስ ላይ ሊቀባ የታሰበ ቅቤ ካለ ምግቡ ላይ ቢጨመር ይሻላል። ተርቢናፊንም ለዚህ ፈንገስ ጥሩ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ማሳከኩ ስለተወ ብቻ ክኒኑ አይቋረጥም።

ፎረፎር ሌላ ነው። ከፎረፎር ጀርባ ያለው ማላሴዚያ የተባለ እርሾ በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል፤ ምግቡ ቅባት ነው። ስለዚህ ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤ ሲቀባ ቅርፊቱ ለጊዜው ይለሰልሳል እንጂ እርሾው ይመገባል። ፎረፎርን በቤት ማከም ይቻላል፦ የኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት 2 ጊዜ ተቀብቶ 5 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይታጠባል፤ ለ4 ሳምንት ያህል። ለአቅመ ሔዋን ወይም አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይ ግን ፎረፎር ብዙም አይታይም። የተማሪ ልጅ ራስ ከተቀረፈ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቆረቆር ነው።

አንዳንዴ ቆረቆሩ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ አንገት ላይ ንፍፊት ይወጣል። እብጠቱ ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ የሚፈጠር ስለሆነ እንደ እባጭ በምላጭ አይበጣም። ሲዘገይ ጠባሳ ጥሎ ፀጉሩ ዳግም ላይበቅል ይችላልና በቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ።

ምልክት ሳያሳይ ፈንገሱን የሚሸከም ልጅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት እነዚህን ተሸካሚዎች ጭምር የመረመረው ለዚህ ነው። አንዱ ልጅ ታክሞ ከወንድሙ ጋር በአንድ ትራስ ከተኛ፣ ሻሽና ማበጠሪያ ከተዋሰ፣ በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲኬድ ራሳቸው ንጹሕ የሚመስሉት እህትና ወንድሞችም አብረው ይታዩ፤ ፀጉር አስተካካዩም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ማሽኑን በአልኮል እንዲያጸዳ ይጠየቅ።