የትከሻው ሕመምና የሚያነሳው እጅ

በስትሮክ የሰለለ ክንድ ትከሻው ላይ ማመም ሲጀምር ቤተሰብም ባለሙያም ቶሎ የሚያስበው ማንቀሳቀስን ነው። አይፈረድባቸውም፤ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያባብሰው ጡንቻ ያልደገፈውን መገጣጠሚያ የሌላ ሰው ጉልበት፣ አንዳንዴም የታማሚው የራሱ ጤነኛ እጅ፣ ከመጠን በላይ ሲጎትተው ነው። ስለዚህ በቀን ስንት ጊዜ ይሠራ ከማለታችን በፊት ክንዱ እንዴት እንደሚያዝና እስከ የት እንደሚነሳ ማስተማር ይቀድማል እላለሁ።

ጤነኛ ሰው ክንዱን ሙሉ በሙሉ ሽቅብ ሲያነሳ ከ180 ዲግሪው 120 ያህሉ ከትከሻው መገጣጠሚያ፣ የቀረው 60 ከብራኳው መዞር ይመጣል። ክንዱም እየተነሳ ወደ ውጭ ይዞራል። ካልዞረ የክንዱ አጥንት ጉብታ ከላዩ ካለው አጥንት ጋር ይጋጭና በመካከል የሚያልፈውን ጅማት ይጨፈልቃል። ከስትሮክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ስለሚልፈሰፈስ የክንዱ ክብደት ብቻውን መገጣጠሚያውን ወደ ታች ይስበዋል። ቆይቶ ደግሞ የአንዳንዶቹ ጡንቻ ይገተርና ክንዱን ወደ ውስጥ አዙሮ ደረት ላይ ይለጥፈዋል። ብራኳው ተቆልፎ እያለ እንዲህ ያለውን ክንድ በጉልበት ማንሳት ማለት ያንን ጅማት ደጋግሞ መጨፍለቅ ነው።

ክንዱን በገመድ ሽቅብ የሚጎትተው፣ ከላይ የተሰቀለ ፑሊ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ኩማርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት 28 ታማሚዎችን በዕጣ በሦስት መድበው ነበር። ክንዳቸውን ባለሙያ ካንቀሳቀሰላቸው 8 በመቶው፣ ባለጎማ ሰሌዳ ላይ ካንሸራተቱት 12 በመቶው፣ በፑሊ ከጎተቱት ግን 62 በመቶው ትከሻቸውን አመማቸው። ሃያ ስምንት ሰው ምን ያህል ይመሰክራል የሚል አይጠፋም፤ ትክክል ነው፣ በቁጥሮቹ ልክ መማል አይገባም። ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ከመገጣጠሚያው አሠራር ጋርም ይገጥማል። የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት እ.ኤ.አ. የ2016 መመሪያም ፑሊን አይመክርም። ከዚህ ጠንከር ያለው መከራከሪያ የእኛው ነው፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጣት በሚቆጠርበት አገር ታማሚው ብቻውን የሚሠራውን ርካሽ መሣሪያ እንዴት እንነጥቀው? መልሱ ጠረጴዛና ፎጣ ነው። ሁለቱን እጆች ፎጣው ላይ አድርጎ፣ ከወገብ ጎንበስ እያሉ ወደ ፊት ማንሸራተት። ክብደቱን ጠረጴዛው ይሸከማል፣ ክንዱም ከትከሻ በላይ አይወጣም። ፎጣ ደግሞ ከገመድም ይረክሳል።

«ሳያምም አይፍታታም» የሚለው አባባል ከስፖርት ቤት የመጣ ይመስለኛል፤ እዚህ ቦታ የለውም። ስለ ጡንቻ መሳሳብ (ስትሬቺንግ) የተሠሩ ጥናቶችን የመረመረው እ.ኤ.አ. የ2017 የኮክሬን ግምገማ፣ የነርቭ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከ7 ወር ላነሰ ጊዜ የተደረገ መሳሳብ ለመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም ብሏል። ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ለእሱ ብሎ ሕመም መግዛት አያዋጣም። ብራኳው አብሮ ካልዞረና ክንዱ ወደ ውጭ ካልተመለሰ 90 ዲግሪ ላይ መቆም፣ ካመመም ከዚያ በታች።

ትከሻው ላይ በጣት የሚዳሰስ ክፍተት ሲያዩ ወልቋል ብሎ ወጌሻ ዘንድ መውሰድም የተለመደ ነው። ወጌሻው በሌላ ጉዳት የተካነ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን የጠፋው አጥንቱን በቦታው የሚይዘው ጡንቻ ነውና ተስቦ ቢመለስ እንኳ የሚያቆየው የለም። ክንድን ቀኑን ሙሉ በማንጠልጠያ ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ ልፍስፍስ ክንድ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል፣ ለተቀመጠ ሰው ግን ክንዱን ወደ ውስጥ እንደዞረ ያቆየዋል። ሲቀመጥ ትራስ ይበቃል።

አስታማሚው ይህን ሁሉ ባያስታውስ ሁለት ነገር ይያዝ። ታማሚውን ከአልጋ ሲያነሳ በብብቱ ወይም በእጁ አይጎትተው፤ ከጀርባው፣ ብራኳው ላይ ደግፎ ያንሳው። ልብስ ሲያለብስ የሰለለውን ክንድ ያስቀድም፣ ሲያወልቅ ያስከትል። እጁ አብጦ፣ ቆዳው ሞቅ ብሎ፣ ጣቶቹ ሲነኩ የሚያሙ ከሆነ ግን ፎጣውን ማንሸራተት ብቻውን አይበቃም፤ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።