ሐኪም መሆን የሚመኙ ልጆቻችንና የሚለዋወጠው ፈተና

 

በዚህ የረመዷን ወር ከተራዊሕ በኋላ ወላጆች የሚጠይቁን ስለ ጾም ብቻ አይደለም። ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ያለው አባት ጫማውን እያጠለቀ ጠጋ ይልና፣ «ሸህ፣ ዘንድሮስ ፈተናው እንዴት ነው ይላሉ?» ይለናል። ልጁ ሐኪም መሆን የሚመኝ ከሆነ ጭንቀቱ ይበረታል። እኛ በሉህና በኪታብ ያደግን እንጂ የፈተና አዋቂዎች አይደለንም። ሆኖም አንድ ጊዜ ሳናጣራ መልሰን ስለተጸጸትን፣ ከመምህራን ጠይቀንና ከልጆቻችን ሰምተን የተረዳነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሞጣ ወዲህ ያለ አንድ ወንድማችን በረመዷን ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቱ ከክፍሏ ቀዳሚ ነበረች፤ ሐኪም የመሆን ሐሳቧን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ፈተናው ላይ ግን ግማሹን ሳታገኝ ቀረች። «ሸህ፣ ደግማ ትፈተን ወይስ የመጣላትን ትዳር ትያዝ?» አለን። እኛም ምን እንደ ጎደላት ሳንጠይቅ፣ «የአላህ ቀደር ነው፤ ሶብር አድርጉ» ብለን ልንሸኛቸው ተነሣን። ልጅቱ አንገቷን እንደ ደፋች፣ «ሸህ፣ በቀደሩ አምናለሁ። ነገር ግን የአሥራ አንደኛ ክፍልን የፊዚክስ መጽሐፍ አንድም ቀን በእጄ ይዤው አላውቅም» አለችን። አፈርን። ቀደር ብለን የሸኘነው ነገር፣ እኛ ጎረቤቶቿ ልንሞላው የምንችለው ጉድለት ነበር።

ፈተናው መለዋወጡ እውነት ነው። በእኛ ዘመን የነበረው ማትሪክ ነው። በ1990ዎቹ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ እሱም በኋላ ቀረ። በ2015 መግቢያ ላይ የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ፈተና፣ ስርቆትና ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስፈልገውም ከመቶ 50 ሆነ። ከ2016 ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒውተር ይፈተናሉ። በዚሁ መካከል ሥርዓተ ትምህርቱ ተለወጠ፤ አዲሱ መጽሐፍ ግን በየተማሪው እጅ ቶሎ አልደረሰም። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከገበታቸው ርቀው ከርመዋል።

ውጤቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 8.4 ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አሁንም ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላዩ ከግማሽ በታች ነው የሚያገኘው።

ስለ ሕክምና ብዙ ወላጆች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። ልጁ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ስላለፈ በቀጥታ ሕክምና አይገባም። ከ2012 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ የሆነውን የፍሬሽማን ትምህርት ይወስዳል። ወደ ሕክምና የሚለየው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ የሕክምና ፈተና የአንድ ሳምንት ጉዳይ አይደለም። በፍሬሽማን ባዮሎጂና ሒሳብ ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛው፣ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂውም በነጥቡ ውስጥ ይቆጠራል። «ይህ ለሐኪም ምን ያደርግለታል?» ብሎ የናቀው ልጅ ወንበሩን በዚያው ያጣል።

ያቺ ልጃችን የደረሰባት ይኸው ነው። አባቷ አንድ ዓመት ሰጣት፤ መጻሕፍቱ ተፈልገው ተገኙላት፤ ፈተናውን በደህና አለፈች። ፍሬሽማን ላይ ግን በእንግሊዝኛው ዝቅ አለችና ሕክምና አልደረሳትም። ዛሬ ፋርማሲ እየተማረች ነው፤ አልሐምዱሊላህ። አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ቢኖር ግን ሌላ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ደንቡ ሲለዋወጥ ልጆቻችንን በምን እናጽናቸው? መልሱን ደረሳ ሆነን ተምረነዋል። ሸኻችን አዲስ ትምህርት የሚሰጡን የትናንቱንና የባለፈውን ሳምንት ካሰሙን በኋላ ነበር። በሉህ ተጻፈ፣ በወረቀት ተጻፈ፣ የተሐፈዘው አይጠፋም። ፈተናውም በወረቀት ይሁን በኮምፒውተር፣ የሚጠየቀው ያው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያልገባው ልጅ የአሥራ ሁለተኛው አይገባውም። ወደ ኋላ ተመልሶ ከጎደለበት ይጀምር እንጂ ወሬ አያሳድድ። አይጥና ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ከሆነም ኮምፒውተር ካለበት ወስዳችሁ ጥቂት ቀን አለማምዱት። በፈተናው ቀን ስለ ጥያቄው እንጂ ስለ መሣሪያው እንዳይጨነቅ።

መልስ በስልክ ይመጣል እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡትን አትስሟቸው። ተፈታኝ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ገንዘቡ የሚበላው በከንቱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማታለልን አጥብቀው አውግዘዋል። የሰው ነፍስ በእጁ የሚያዝ ሐኪም መነሻው ማታለል ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ለታማሚው ይተርፋል።

«ጥናት ስለበዛበት ጾሙን ይፍታ?» የሚሉንም አሉ። ሕመምና ጉዞ ሸሪዓ የፈቀዳቸው ምክንያቶች ናቸው፤ ጥናት ብቻውን ግን ምክንያት አይሆንም። ይልቅ ሰዓቱን እናደላድልለት። ከሱሑርና ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት አእምሮ ትኩስ የሚሆንባቸው ናቸው፤ ሒሳብና ፊዚክስ ያኔ ይሁኑ። ከዙህር በኋላ ይረፍ፤ ከዐስር በኋላ ቀለል ያለውን ያንብብ። ከተራዊሕ በኋላ ቶሎ ይተኛ እንጂ በስልክ አያምሽ።

እዚህ ላይ ለእናቶችና ለአባቶች አንድ አደራ አለን። ወንድ ልጃችን መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ ሴት ልጃችን ከዐስር እስከ መግሪብ ሳምቡሳ ስትጠቀልል፣ ሾርባ ስታማስል ትውላለች። ፈተናው ግን ለሁለቱም እኩል ነው። እናቶቻችን ለምጥና ለማኅፀን ሕመም «ሴት ሐኪም የለችም ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ያቺ ሴት ሐኪም ዛሬ በየማድ ቤታችን ያለችው ልጅ ናት። ሥራውን ለሁሉም አካፍሉት።

ጀማዓውም ድርሻ አለው። ይህ ወር የመጀመሪያው ወሕይ በማንበብ ትእዛዝ የወረደበት ወር ነው። ሶደቃችሁን ስታስቡ የመጽሐፍ ዋጋም አስቡ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆቻችን ለዒድ ሲመጡ ታናናሾቻቸውን ሰብስበው የገጠማቸውን ይንገሯቸው። ልጆቻችንን የሚያስጠኑ መምህራን፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ፣ ለኢፍጣር ጥሯቸው፤ አመስግኗቸው።

ኢብን ሲናን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁርኣንን በአሥር ዓመቱ ያጠናቀቀ፣ የሕክምና ድርሳኑ አል-ቃኑን በአውሮፓ ሳይቀር ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሩበት ሊቅ ነው። እሱ እንኳ የአርስቶትልን አንድ የፍልስፍና መጽሐፍ አርባ ጊዜ አንብቦ እንዳልገባው ራሱ ተርኳል። በኋላ ገበያ ላይ የአል-ፋራቢን ማብራሪያ በሦስት ድርሃም ገዝቶ ሲያነብ ተገለጠለት። በማግሥቱም ለአላህ ምስጋና ብሎ ለድሆች ብዙ ሶደቃ ሰጠ። አርባ ጊዜ ማንበቡ የእሱ ትጋት ነው። ያለዚያች የሦስት ድርሃም መጽሐፍ ግን ትጋቱ ብቻውን አልበቃውም።

ትጋቱ የልጆቻችን ነው፤ መጽሐፉ የእኛ ይሁን። ከዚያ በኋላ በአላህ እንመካ፤ ቀደር ማለትም ያኔ ያምርብናል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንን ለወገን የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።