የጽጌረዳን ቅጠል የሚበላው ማን ነው?

ጽጌረዳ ያልገባችበት ግቢ በከተማችን ጥቂት ነው። በቪላ ቤት አትክልት ቦታም፣ በጭቃ ቤት አጥር ሥርም፣ ታቹ በተበሳ የዘይት ቆርቆሮም ተተክላ እናያታለን። እኛ በምንኖርበት በላምበረት ሰፈርም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ጽጌረዳ የተከለ ሰው ሁሉ በዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ቅጠሏን ምን በላብኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ መልሱን ሳያገኙ ወደ መርዝ መሮጥ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ በቤተ ሰብ ላይ አደጋ የሚያመጣ ነው። ስለዚህ የመጽሔታችን አንባቢዎች ጥቂት ታግሠው እንዲከተሉኝ እለምናለሁ።

እኔ ይህን ጉዳይ ለመከታተል የበቃሁት አክስቴ የአበባ ችግኝ ነጋዴ በመሆናቸው ነው። ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በመንገድ ዳር በያዙት ጠባብ ቦታ ችግኙን በጥቁር ፕላስቲክ እየተከሉ ይሸጣሉ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ገዢ ሲመጣ አበባውን ያያል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ዐዋቂ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ቅጠሉን ነው። ቅጠሉ የተበሳ ወይም የተጨማደደ እንደ ሆነ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ ያልፋል። ስለዚህ በኛ ቤት የቅጠል ነገር የእንጀራ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቅጠል የሚያጠፉ ነፍሳት ብዙ ዐይነት ቢሆኑም፣ በአፋቸው አሠራር ግን በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኞቹ የሚያኝኩ ናቸው፤ ቅጠሉን ቆርጠው ስለሚበሉ ቀዳዳ ወይም የተገመጠ ጠርዝ ትተው ይሄዳሉ። ሁለተኞቹ የሚመጡ ናቸው፤ እንደ መርፌ የቀጠነ አፋቸውን በቅጠሉ ውስጥ ሰክተው፣ ሰው ለስላሳ መጠጥ በስትሮ እንደሚስብ የተክሉን ፈሳሽ ይስባሉ። የነዚህ ጉዳት ቀዳዳ የለውም፤ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይጨማደዳል፣ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ቀዳዳ አለ ወይስ የለም? ይህን አንድ ጥያቄ የመለሰ ሰው የሥራውን እኩሌታ ጨርሷል።

የሚያኝኩት ብዙ አያስቸግሩም። ትልና ፌንጣ ናቸው፤ አባ ጨጓሬ የምንለውም ጠጕር ያበቀለ የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ልጅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ትል በቀን ተደብቆ በሌሊት የሚበላበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ ቀን ፈልጎ ያጣ ሰው ሲመሽ የእጅ ባትሪ ይዞ ይውጣ። ቅጠሉ ላይ እንደ ጥቁር ፍሬ ያለ ኩስ ከታየ ባለቤቱ ከዚያው በላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ለቀሙት፤ ነገሩ አለቀ። ጠጕራሙን ግን በባዶ እጅ መንካት ስለሚያሳክክ በእንጨት ማንሣት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዝ በሳንቲም ልክ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል፣ ጥርት ባለ ክብ ተቆርጦ ይገኛል። ይህን የሚያደርገው ተባይ አይደለም፤ ቅጠል ቈራጭ የሚባል፣ በቀፎ የማይኖር፣ ብቻውን የሚኖር የንብ ዐይነት ነው። ቅጠሉን አይበላውም፤ ለልጆቹ ጎጆ እንደ ምንጣፍና እንደ ግድግዳ ያነጥፈዋል። ተክሉም በዚህ አይሞትም። ንቡም አበባ ለአበባ እየዞረ የሚያገለግለን ስለ ሆነ፣ በኔ አስተያየት ሁለት ሦስት ቅጠል ለርሱ ደመወዝ ቢሆን አይበዛበትም።

ከባዱ ነገር የሚመጡት ናቸው፤ ከነዚህም የታወቀችው ክሽክሽ ናት። በጎመን፣ በአተርና በገብስ ላይ ገበሬውን የምታስለቅሰው የዚህችው ዘመድ ናት። ቁመቷ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሰውነቷ ለስላሳ፣ ቀለሟ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ወይም ጥቁር ነው። በጽጌረዳ ላይ የምትመርጠው ለጋውን ጫፍና ያልፈካውን እንቡጥ ነው። ሰዎች «ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ ከየት መጣ?» ብለው የሚደነቁባት ምክንያት ልዩ የሆነ አወላለዷ ነው። እንስቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ዕንቍላል ሳይሆን በሕይወት የምትንቀሳቀስ ልጅ ትወልዳለች፤ ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው፣ የምትወለደው ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች የራሷን ልጆች ጀምራ መገኘቷ ነው። አየሩ ሞቅ ሲል የተወለደችው ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሷ እናት ትሆናለች። እንግዲህ ሒሳቡን ለሒሳብ ተማሪዎች እተወዋለሁ።

የተክል ፈሳሽ ስኳሩ ብዙ፣ ገንቢ ምግቡ ጥቂት ነው። ክሽክሽ የምትፈልገውን ጥቂቱን ለማግኘት ብዙ መምጠጥ ስላለባት፣ የተረፋትን ስኳር እንደ ማር ጠብታ ወደ ውጭ ትጥላለች። ቅጠሉ በእጅ ሲነካ የሚያጣብቀው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጣፋጭ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልና ፀሐይ ወደ ቅጠሉ እንዳይደርስ ይጋርዳል። ጉንዳንም ይህን ጣፋጭ ፍለጋ ይወጣል፤ ገበሬ ላሙን ከጅብ እንደሚጠብቅ ክሽክሽን ከጠላቶቿ ይጠብቃታል። ስለዚህ ጉንዳን በጽጌረዳ ግንድ ላይ ተሰልፎ ሲወጣና ሲወርድ ያየ ሰው፣ ጉንዳኑን ከመስደቡ በፊት ወደ ጫፉ ቀና ብሎ ይመልከት።

ጠላቶቿ ያልሁት እነማን ናቸው? ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላትን ክብ ጢንዚዛ ሁላችን በልጅነታችን በእጃችን ላይ አስኪደናታል። እርሷ ክሽክሽ በሊታ ናት። የሚያሳዝነው ግን ልጅዋ እናቷን ፈጽሞ አትመስልም፤ ረዘም ያለች፣ ግራጫ፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ባለ ስድስት እግር አውሬ መሳይ ናት። ይህች አስቀያሚ ልጅ እስክታድግ ድረስ በመቶ የሚቈጠሩ ክሽክሾችን ትበላለች፤ ሰው ግን «ይህችው ናት የበላችው» እያለ ይጨፈልቃታል። ከርሷም ሌላ በክሽክሽ ሰውነት ውስጥ ዕንቍላሉን የሚጥል፣ ከጉንዳን ያነሰ ተርብ አለ። የተርቡ ልጅ ክሽክሿን ከውስጥ በልቶ ሲጨርስ፣ ቆዳዋ አብጦና ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

የነዚህ ጠባቂዎች ዋጋ በዓለም ላይ የታወቀው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአውስትራሊያ የገባች አንዲት ፈሳሽ መጣጭ ተባይ የካሊፎርኒያን የብርቱካንና የሎሚ እርሻ ልታጠፋው ደርሳ ነበር። አውስትራሊያ የእንጦጦን ኮረብታዎች ያለበሰው ባሕር ዛፍ የመጣባት አገር ናት። አልበርት ኮቤለ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1888 ወደዚያው አገር ተልኮ፣ የተባይዋን ጠላት ፈልጎ ቬዳሊያ የምትባል ትንሽ ቀይ ጢንዚዛ በመርከብ ላከ። በመጀመሪያ የተላኩት ጢንዚዛዎች ከመቶ ብዙም አይበልጡም ነበር፤ ነገር ግን ተራብተው እ.ኤ.አ. በ1889 ዓመቱ ሳያልቅ እርሻውን አዳኑት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ዲዲቲ የሚባለው መርዝ በነዚያ እርሻዎች ሲረጭ ቬዳሊያ አለቀች፤ ተረስታ የነበረችውም ተባይ ተመልሳ መጣች። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ያገኘው ፓውል ሙለር ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት ነበር። ዝናው ግን አልዘለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ራቸል ካርሰን የምትባል አሜሪካዊት ጸሓፊ ስለ መርዝ ርጭት ጉዳት መጽሐፍ ካሳተመች በኋላ ዓለም ጠንቀቅ ማለት ጀመረ።

ይህ ነገር በካሊፎርኒያ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። አንድ የሰፈራችን ሰው ባለፈው ዓመት በጥር ወር ጽጌረዳቸውን ክሽክሽ ቢወርርባቸው ከገበያ መድኃኒት ገዝተው መጡ። መድኃኒቱ የተቀዳው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው፤ ስም የለው፣ መጠን የለው፣ የተሠራበት ቀን የለው። ረጩት፤ ክሽክሿም በማግሥቱ ረገፈች፤ እርሳቸውም ደስ አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቅጠሉ ሁሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል ቢጫ ነጥብ ነጥብ አለ፤ ከሥሩም ቀጭን ድር አበጀ። ይህ የቀይ ሸረሪት ሥራ ነው። ቀይ ሸረሪት ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ ስምንት እግር ያላት፣ በእውነቱ ከነፍሳት ወገን ሳትሆን ከሸረሪት ወገን የሆነች ፍጥረት ናት። ብዙዎቹ የክሽክሽ መርዞች እርሷን አይገድሏትም፤ የሚበሏትን ግን ይፈጁላታል። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ ሲጠፋና አቧራ ቅጠሉን ሲለብሰው ደግሞ በጣም ይመቻታል። የላምበረትን መንገድ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ይህ ሁሉ ስለ ተክሉ ነው። ከዚህ የከፋው ስለ ጠርሙሱ ነው። ጠርሙሱ በመስኮት ላይ ተቀምጦ ሳለ የአራት ዓመት ልጃቸው ለስላሳ መስሎት ሊከፍተው ሲታገል እናቱ ደርሳ ነጠቀችው። ማላታዮንን የመሰሉ መርዞች ነፍሳትን የሚገድሉት የነርቫቸውን ሥራ በማወክ ነው፤ የሰውም ነርቭ የሚሠራው በዚያው ዐይነት መንገድ ነው። የጠጣው ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዐይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ባለ መለያ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ሐኪም እንኳ ምን እንደ ጠጣ ያውቅለት ነበር። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ያልተመዘገበና መለያ የሌለው መርዝ እንዳይሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ፣ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። መንግሥት በመርከብ ያስወጣውን እኛ በጠርሙስ ወደ ማድ ቤታችን ማስገባታችን የሚገርም ነው።

በዝዋይ ያሉት ትልልቅ የጽጌረዳ እርሻዎች እንኳ ወደ ውጭ አገር ለሚሸጡት አበባ ሲሉ ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ጥቃቅን ፍጥረት ገዝተው በቅጠሉ ላይ መልቀቅ ለምደዋል። ስሙ ፊቶሴዩሉስ ይባላል። ለእኛ ግቢ ይህ አያስፈልግም፤ ውሃና ሳሙና ይበቃል።

የምንሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በማለዳ ውሃ በኃይል ከታች ወደ ላይ፣ ማለት ከቅጠሉ ሆድ በኩል እንረጫለን። ክሽክሽ አፏ ተሰክቶ ሳለ ስትወድቅ ብዙ ጊዜ ትጎዳለች፤ ተመልሳ ለመውጣትም ይከብዳታል። ቀይ ሸረሪትም ድሯ ይፈርሳል፣ አቧራውም ይታጠባል። ይህ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም። የቀረ እንደ ሆነ ከደረቅ ሳሙና አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍቅፋቂ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙቶ፣ ሲመሽ በቅጠሉ ሆድ በኩል መርጨት ነው። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ተራ ውሃ ከሰውነታቸው ላይ ተንከባሎ ይወርዳል፤ የሳሙና ውሃ ግን ተለጥፎ ይሸፍናቸዋል፣ ቆዳቸውንም ይጎዳል። ሳሙናው ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም፤ ስለዚህ ያልነካቸው አይሞቱም፤ በአምስተኛው ቀን መድገም ያስፈልጋል። ማልዶ በንጹሕ ውሃ ማጠብም አይረሳ። በፀሐይ መርጨት ግን ቅጠሉን ማቃጠል ነው። አስቀድሞ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ደግ ነው።

ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጦ መመርመር ይገባል። ከላይ የተናገርኋት ግራጫ አውሬ መሳይ ከተገኘች፣ ወይም ቡናማ ሆነው ያበጡ ክሽክሾች በርከት ብለው ከታዩ፣ ያንን ቅርንጫፍ መተው ነው፤ ሥራው በሌሎች እጅ ገብቷል። አንዳንድ ያበጠች ክሽክሽ ጀርባዋ ላይ የተጣራ ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ ተርቡ አድጎ የወጣበት በር ነው።

ችግኝ የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህንኑ በገበያው ላይ ያድርግ። ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከጫፉም ከመካከሉም ሦስት አራት ቅጠል ገልብጦ ይይ። ቤት ካደረሰውም በኋላ ከሌሎቹ አበቦች ርቆ ለሁለት ሳምንት ብቻውን ይቀመጥ፤ ዕንቍላልም ቢኖርበት እስከዚያ ይፈለፈላልና ይታያል። ሻጩ ቅጠል መገልበጥ የከለከለ እንደ ሆነ ግን ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ነው።