ኤረሩን የሚያነበው ማን ነው? የስህተት መልእክቶች ጉዞ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

ለጉዳዩ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ የገባ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ከተባለ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ባለችው ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ግን የሆነ ነገር ተጽፏል። መስመሩ ተቋርጦ፣ የይለፍ ቃሏ ጊዜው አልፎበት፣ ማዕከሉ ተጨናንቆ ወይም ፎርሙ የተሞላውን ቀን አልቀበልም ብሎ ሊሆን ይችላል። አንዱ በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል፤ ሌላው እስከ ነገ ይቆያል። ባለጉዳዩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ይሆናሉ። ይጠብቅ፣ ነገ ይመለስ ወይስ ወደ አገሩ ይግባ፣ የሚወስንበት ፍንጭ አላገኘም።

ኮምፒውተር ወደ ጎጃም ቢሮዎች ከገባ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። እኔ ከሁሉ በላይ የምቆጥረው ለውጥ በማሽኑና በባለጉዳዩ መካከል ቆሞ የነበረው ሰው እየወጣ መሆኑን ነው። ድሮ ኤረር ሲመጣ የሚያነቡት ጸሐፊዋ፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ወይም የባንኩ ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ ገበሬው ራሱ በእጁ ስልክ ላይ ያየዋል። መልእክቱ ግን አሁንም በአብዛኛው ለመካከለኛው ሰው እንደ ተጻፈ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩት ኮምፒውተሮች የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ እንግሊዝኛውም የባለሙያ እንግሊዝኛ ነው። ዶስ ፍሎፒ ማንበብ ሲያቅተው ላቋርጥ፣ ልድገም ወይስ ይቅር ብሎ ይጠይቃል፤ የትኛው ምርጫ ምን እንደሚያስከትል ግን አይናገርም። ዊንዶውስ 95 እና 98 ደግሞ ፕሮግራም ሲበላሽባቸው «ሕገወጥ ድርጊት ስለ ፈጸመ ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ደብዳቤ እየጻፈች ያለች ጸሐፊ ስለ ሕገወጥ ድርጊት የሚናገር መስኮት ሲደቀንባት ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም፤ ማሽኑን አጥፍታ ባለሙያ እስኪመጣ ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ትቶ ችግር እንደ ገጠመው መናገርና ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። የሚያስገርመው፣ መፍትሔው ቀድሞም መታወቁ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ቤን ሽናይደርማን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ መልእክት ችግሩን ለይቶ እንዲናገር፣ ቀጥሎ የሚደረገውን እንዲያመለክትና ተጠቃሚውን የሚያስፈራሩ ቃላትን እንዲተው መክሮ ነበር። ምክሩ ደብረ ማርቆስ ያለ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ለመድረስ ሃያ ዓመት ፈጀበት።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የቴራክ 25ን ታሪክ ማወቅ አለበት። ይህ የካንሰር ጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ለስድስት ሕሙማን ከልክ ያለፈ ጨረር ሰጠ፤ ከነሱም የሞቱ አሉ። በቴክሳስ ታይለር ከተማ በነበረው ሆስፒታል መሣሪያው ላይ የወጣው ጽሑፍ «ብልሽት 54» የሚል ብቻ ነበር። የአሠራር መመሪያው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አያብራራም። ማሽኑ በየጊዜው እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ስለሚያወጣ ባለሙያዋ ለመቀጠል አንድ ቁልፍ መጫን ለምዳ ነበር፤ ተጫነችው። ትርጉሙ የማይታወቅ መልእክት ሲደጋገም ሰው ማንበቡን ይተዋል። እኛም ዘንድ መስኮት ብቅ ሲል ሳናነብ «እሺ» የምንለው በዚሁ ልማድ ነው።

የአገራችን ጣጣ ሌላም ነበረው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ በእኛ በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ማለት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ አሠራር ነበረው። አዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ማርቆስ ሲከፈት ያው ፊደል ካልተጫነ የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑም ፊደሉ እንደ ጎደለው አይናገርም፤ ትክክለኛውን ያሳየ ይመስለዋል። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ ሲመጣና የአማርኛ ገጽታ ሲዘጋጅለት ይህ ቀለለ። ስልኮች ላይ ግን ገና ብዙ ዓመት ቆየ፤ አማርኛ የማያውቁ ቀፎዎች የመጣላቸውን መልእክት ባዶ ሣጥን አድርገው ይደረድሩት ነበር።

የኢንተርኔት ቤቶች ዘመን በአሜሪካው የቪዛ ዕጣ በዲቪ ይታወሳል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዲቪ የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ፤ በየከተማው «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፎርሙ በ60 ደቂቃ ውስጥ ካልተጠናቀቀ ከመጀመሪያው መጀመር ያስፈልጋል፤ ኮኔክሽኑ በሚንቀራፈፍበት ከተማ ይህ ከባድ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ። ቦታው ባዶ ሲቀር በቀይ «ይህ መሞላት አለበት» የሚል ፎርም የአባትን ይሁን የአያትን ስም እንደሚፈልግ አይናገርም። የሚወስነው የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ነው። በኋላ ፓስፖርቱና ፎርሙ ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚጠየቀው ግን ባለቤቱ ነው።

በዚሁ በዲቪ መልካም ምሳሌም አለ፤ ለብዙዎች መራራ ቢሆንም። በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ የወጣው የዕጣ ውጤት በግንቦት ተሰረዘ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ተሳስቶ አብዛኞቹን ባለዕድሎች ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አመልካቾች ብቻ እንደ መረጠ አስታወቀ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማንም እንደገና መሙላት እንደማያስፈልገውና አዲሱ ውጤት በሐምሌ እንደሚወጣም ተናገረ። ደርሶኛል ብሎ የተደሰተ ሰው ሐዘኑ አይቀርለትም። ምን እንደ ተበላሸ፣ የማን ጥፋት እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ግን ያውቃል።

ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ራሳቸውም ዘግይተው ነው ያረፉት። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ግቢ ኮድ የተማረ ሰው አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቶ ሌሊቱን ሙሉ መፈለግ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ፓይተን ለረጅም ጊዜ ስህተቱን የሚያሳየው ከቀጣዩ መስመር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው 3.10 ግን ይህ ቅንፍ አልተዘጋም ብሎ ቅንፉን ራሱን ይጠቁማል። ጃቫም እ.ኤ.አ. በ2020 ባዶ ሆኖ የተገኘው የትኛው ነገር እንደሆነ በስም መናገር ጀመረ። ባለሙያ ለባለሙያ እንዲህ ሲጨነቅ ማየት ደስ ይላል። ያው ተማሪ ተመርቆ ለሕዝብ የሚሠራው ፕሮግራም «የማይታወቅ ስህተት ተከስቷል» ብሎ ዝም ሲል ግን ያሳዝነኛል።

ትልቁ መገለባበጥ የመጣው ከስልክ ገንዘብ ጋር ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ነበር፤ ኢንተርኔት በሌለው ቀፎም በ*127# ይሠራል። ጤፍ ጭኖ ገበያ የወጣ ገበሬ ዋጋውን በስልክ ሲቀበል ከመካከል የሚያስረዳው ሰው የለም። ገንዘብ ሲላክ ኔትወርክ ቢቋረጥ የሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘቤ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚለው መልስ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ከማዕከሉ መልስ ሳያገኝ ጊዜው ሲያልቅ እውነተኛው ሁኔታ «አልተሳካም» ሳይሆን «አልተረጋገጠም» ነው። ማዕከሉ ተቀብሎት መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ሲደግመው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እኔ ብጽፈው «ገንዘቡ መላኩ ገና አልተረጋገጠም። ደግመው አይላኩ። ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ» እለው ነበር።

ይህም በቦታ ልክ መጻፍ አለበት። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር የጽሑፍ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ የኮከብና መሰላል አገልግሎቱም 182 የነበረው ወደ 80 ይወርዳል። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ ኪሳራው የሚመስለውን ያህል አይደለም። ግን «ውድ ደንበኛችን» እና «እባክዎ» ግማሹን ከወሰዱት ለቁም ነገሩ ቦታ አይተርፍም። አክብሮቱን «ይሞክሩ»፣ «ያስገቡ» የሚለው ግስ ራሱ ተሸክሞታል፤ ወንድና ሴት መለየትንም ያስቀራል።

ከመጥፎ መልእክት የከፋው ጨርሶ የማይመጣው ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲበላሽ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዛመተ፤ ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ተገለጸ፤ የተንቀሳቀሰው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ባንኩ ተናገረ። በዚያች ሌሊት ያልመጣው «ቀሪ ሂሳብዎ አይበቃም» የሚለው ተራ መልእክት ነው። ሰው ሲያየው ይበሳጫል፤ ግን ባንኩንም ደንበኛውንም የሚጠብቀው እሱ ነው። ብዙ ተማሪዎች ገንዘብ መልሱ ተብለው በየማስታወቂያ ሰሌዳው የተጠሩት ማሽኑ እምቢ ማለት ሲገባው ዝም ስላለ ነበር። ሰውም የራሱን ገንዘብ ያውቃል፤ ይህን አልክድም።

ሐሰት የሚናገር መልእክትም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት በየስልኩ የሚታየው «የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ያረጋግጡ» የሚል ነበር። ሰው ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ሲም ያወጣል፣ ዳታ ይሞላል። የተዘጋው ግን የእሱ ስልክ አልነበረም። ጥፋቱን ሁልጊዜ ወደ ተጠቃሚው የሚገፋ አጻጻፍ የት እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሌላ መንገድ ያለው አፕ ያንን መንገድ ቢጠቁም ሰውን ከከንቱ ድካም ያድነዋል።

ከውጭ ተገልብጠው የመጡ ፎርሞች የእኛን ነገር ስህተት ሲሉት ደግሞ አለ። የካቲት 30 እኛ ዘንድ በየዓመቱ የሚውል ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ፎርም በሁለተኛው ወር 30 ሲሞላለት «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ይላል። ጳጉሜንስ ከነጭራሹ አያውቃትም። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሞላበት ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር መያዙ የሚያሳየው ይህ የማይቻል እንዳልሆነ ነው። «ከ3 ሰዓት በኋላ ይሞክሩ» የሚል መልእክትም የጠዋት ሦስት ይሁን የፈረንጅ ሦስት ካልተለየ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ስልክ ቁጥር በ09 ብቻ እንዲጀምር ተደርጎ የተጻፈ ፎርም ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በ07 አገልግሎት ሲጀምር ትክክለኛውን ቁጥር «የተሳሳተ ቁጥር» ይለዋል። ከሁሉ የሚቆጨኝ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። መዝገብ ላይ «ዓለሙ» የተባለ ሰው «አለሙ» ተብሎ ሲፈለግ «መዝገብ አልተገኘም» የሚል መልስ ይወጣል። መዝገቡ ግን አለ። ፕሮግራሙ ዐ እና አን፣ ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማድረግ የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ስህተትን በወጉ መንገር ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። በዲማ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ ቅኔ ቤቶች ተማሪው ቀን የቆጠረውን ቅኔ ማታ ለየኔታ ይነግራል። መምህሩ ተበላሽቷል ብለው አይሰናበቱትም፤ ቤቱ የጎደለበትን ወይም ምሥጢሩ ያልገጠመበትን ቦታ ለይተው ያርሙታል፤ ተማሪውም አቃንቶ ይመለሳል። ኮድ የሚጽፉ ልጆቻችን ይህን ሥርዓት ከአያቶቻቸው ቤት ያገኙታል።

አሁን ባለው አሠራር ብዙውን ጊዜ መልእክቱን የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነው፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ በጥድፊያ። መልእክቶቹ ከኮዱ ተለይተው በአንድ ፋይል ቢቀመጡ የአማርኛ መምህር ኮዱን ሳይነካ ሊያርማቸው ይችላል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አማርኛም ኮምፒውተርም የሚያስተምር ስለሆነ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመዘን የስህተት መልእክቶቹ በሁለቱም ትምህርት ክፍሎች እንዲታዩ ማድረግ በጀት አይጠይቅም። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲዘጋ የሚሰማውን የቴሌ ድምፅ ያልተማረውም ይረዳዋል። እንጅባራ ላይ አውኚ ለሚናገረው አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ተሳስተው አገልግሎቱ የተቆለፈባቸው እናት ስንት ሙከራ እንደቀራቸው አስቀድሞ በሚሰሙት ቋንቋ ቢነገራቸው፣ ለመክፈት ምን ይዘው የት እንደሚሄዱም ቢጨመርላቸው፣ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለአንድ መልስ አይመላለሱም ነበር።