የወዳጅ ቅጂ፦ የጠፋ ድረ ገጽ እንዴት ይመለሳል?

ጂንካ ተቀምጦ የራሱን ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው እናስብ። የቅዳሜውን ገበያ ፎቶ፣ የአሪ ሸክላ ሠሪዎችን ሥራ፣ ከሐመርና ከበና ሽማግሌዎች አፍ የሰማውን ታሪክ ለዓመታት ሲያኖርበት ቆይቷል። አንድ ቀን ሲከፍተው ገጹ የለም። ስለ ደቡብ ኦሞ በአማርኛ የተጻፈው ብዙ ስላልሆነ እንዲህ ያለው ጉዳት የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ይሁንና ከስክሪን የተሰወረ ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዋናው ጥያቄ ቅጂው በማን እጅ አለ የሚለው ነው።

የቱ ነው የጠፋው?

አንድ ድረ ገጽ በሦስት ነገሮች ይቆማል፦ ሰዎች በሚጽፉት አድራሻ ወይም ዶሜይን፣ ፋይሎቹ በተቀመጡበት ሰርቨርና በራሳቸው በፋይሎቹ። የዶሜይኑ ዓመታዊ ክፍያ አልፎ ከሆነ ይዘቱ ካለበት አልተነቃነቀም፤ ቶሎ ከከፈሉ ይመለሳል። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ዲስኩ ደህና ከሆነም ተስፋ አለ። የሚያስጨንቀው ፋይሎቹ ጠፍተው በባለቤቱ እጅ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይኖር ሲቀር ነው። ወዳጅ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

በወዳጅ ስልክ ውስጥ ያለው

ገጹን በቅርቡ የጎበኘ ሰው ሳያውቀው ቅጂ ይዞ ሊሆን ይችላል። ብሮውዘር አንድን ገጽ ሲከፍት፣ በሌላ ጊዜ እንዲፈጥንለት ጽሑፉንና ፎቶዎቹን ካሽ በሚባል ማከማቻ ለጊዜው ያስቀምጣል። ስለዚህ ለወዳጆች የሚላከው የመጀመሪያ መልእክት «ብሮውዘራችሁን አታጽዱ» የሚል ነው። ቀጥሎ በቴሌግራም የተላከው፣ በኢሜይል የሄደው፣ ስክሪንሾቱና ፍላሽ ላይ የተቀዳው ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭም ድረ ገጾችን እየዞረ ይቀዳል፤ ዌይባክ ማሽን በተባለው አገልግሎቱ አድራሻውን አስገብቶ የቀድሞውን ገጽ መፈለግ ይቻላል። ጥቂት ጎብኚ ያለውን ገጽ ግን ሙሉ በሙሉ ላይቀዳው ይችላል። ያን ክፍተት የሚሞላው ባለቤቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው።

የተሰበሰበው ሁሉ እኩል አይደለም። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ጥራቱ ቀንሶ ይደርሳል፤ መቼ እንደተነሳ የሚናገረው በፋይሉ ውስጥ ያለ መረጃም ይወድቃል። እንደ ፋይል የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል። አንዱ ፎቶ ከሁለት ወዳጆች ከመጣ ሁለቱን አመሳክሮ ለዋናው የሚቀርበውን መያዝ ነው።

ፊደሉ ሲበላሽ

ለአማርኛ ገጽ ሌላ ፈተና አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 በተባለው ኮድ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የተገኘው ፋይል በሌላ ኮድ ከተከፈተ ለምሳሌ «ሀ» እንግዳ የላቲን ምልክቶች ሆና ትታያለች። ይህ ያስደነግጣል እንጂ ባይቶቹ በቦታቸው ናቸው፤ ትክክለኛው ኮድ ሲመረጥ ጽሑፉ ይመለሳል። በፊደሎቹ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተተክቶ ተቀምጦ ከሆነ ግን ያ ቅጂ አይድንም፤ ሌላ ወዳጅ መጠየቅ ነው። ለዚህም ነው የተገኘውን ፋይል ሳይነኩ አስቀምጦ ሙከራውን በሌላ ቅጂ ላይ ማድረግ የሚያስፈልገው።

ብዛት ብቻ አይበቃም

የቅጂዎች ጥንካሬ ያለው በአንድ ምክንያት አብረው ባለመጥፋታቸው ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በዓመት ውስጥ የመጥፋት ዕድሉ ከ10 አንድ ነው ብንል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ሦስቱም የሚጠፉበት ዕድል ከ1000 አንድ ነው። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ግን አንድ እሳት ይበቃቸዋል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ማዕከል ሲቃጠል ከ3 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ተቋረጡ፤ መጠባበቂያቸው እዚያው ግቢ ከነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም ያጡ አሉ።

ደቡብ ኦሞ ይህን ስሌት በከብት ያውቀዋል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነችን ምድር ሲያጥለቀልቅ ከ300 በላይ ሰዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን በአንድ ስፍራ ያለውን ሁሉ ይወስዳል። አንትሮፖሎጂስቱ ኡሪ አልማጎር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን የቃል ኪዳን ወዳጅነት አጥንቷል፤ በሐመርም ተመሳሳይ ወዳጅነት አለ። በእንዲህ ያለ ወዳጅነት ከብቱ በተለያየ ስፍራ ባሉ ወዳጆች መንጋ ውስጥ ያለ ሰው፣ ድርቅ ወይም በሽታ በረቱን ባዶ ቢያደርገው እንደገና የሚጀምርበት አያጣም።

ሳይጠፋ በፊት

ለጂንካው ሰው የሚበጀው እንዲህ ነው፦ አንድ ቅጂ በራሱ ኮምፒውተር፣ አንድ አርባ ምንጭ ወይም አዲስ አበባ ባለ ወዳጅ እጅ፣ አንድ ደግሞ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ። ወዳጁ ምን እንደያዘ ይነገረው፤ የይለፍ ቃል ግን ከፋይሉ ጋር አብሮ አይሄድም። የሽማግሌዎች ድምፅና ፎቶ ካለበት፣ ቅጂው በሌላ ሰው እጅ እንዲቀመጥ የእነሱም ፈቃድ ይጠየቅ። በዓመት አንድ ጊዜ ገጹን ከቅጂው ብቻ አንስቶ ማቆም ይሞከር፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። የወዳጅንም ፋይል በራስ ዘንድ ማኖር ይገባል፤ ውለታው የሁለቱም ወገን ሲሆን ነው እንዲህ ያለው አደራ የሚዘልቀው።