አበባው ከምድር በላይ፣ ፍሬው ከምድር በታች፦ ኦቾሎኒን በቤት ውስጥ ማብቀል

ለመሆኑ ኦቾሎኒ የሚያፈራው በሥሩ ነው ወይስ በቅርንጫፉ? ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ ያየ ሁሉ “በሥሩ ነዋ!” ማለቱ አይቀርም። እውነታው ግን ሌላ ነው። ኦቾሎኒ እንደ ካሮት ሥር ሳይሆን እንደ ባቄላና አተር ከአበባ የሚገኝ ፍሬ ነው። “አራኪስ ሃይፖጂያ” በተሰኘው ሳይንሳዊ መጠሪያው ውስጥ ሁለተኛው ቃል በግሪክኛ “ከምድር በታች” የሚል ትርጉም አለው።

ይህን ክስተት በዓይን ለማየት ኦቾሎኒ በስፋት ወደሚመረትበት ወደ ባቢሌ መጓዝ የግድ አይደለም። ተክሉ ሙቀት ወዳድ በመሆኑ የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሌሊት ባይስማማውም፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ሊያድግ ይችላል። ለዚህም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀትና ስፋት ያለው፣ ከታች የተበሳ ባልዲ ያዘጋጁ። አሸዋ የተቀላቀለበት ልል አፈር ይሙሉበትና ጥሬ ፍሬ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አጥልቀው ይዝሩ። የተቆላ ፍሬ ጽንሱ በእሳት ስለሞተ አይበቅልም።

ቡቃያው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ቅጠሎቹ ሲመሽ ተጣጥፈው ሲነጋ ይዘረጋሉ። ከወር ጥቂት ከፍ ካለ ጊዜ በኋላም ቢጫ አበቦች ይፈካሉ። አበባው ራሱን በራሱ አዳቅሎ በዚያው ቀን ይጠወልጋል፤ ዋናው ትዕይንት የሚጀምረውም ያኔ ነው። ፅንሱን በጫፉ የያዘ መርፌ መሰል አካል ከአበባው ሥር ወጥቶ ቁልቁል ወደ አፈር ያድጋል። አፈር ውስጥ ገብቶ ጨለማ ሲያገኝም ጫፉ አብጦ ፍሬ ይሆናል። ማረጋገጥ የሚሻ አንባቢ ከአንዱ ቅርንጫፍ በታች ያለውን አፈር በፕላስቲክ ይሸፍን፤ አፈር ያላገኘው መርፌ ፍሬ አልባ ሆኖ ይቀራል።

በማደግ ላይ ያለው ፍሬ የሚያስፈልገውን ካልሲየም በአብዛኛው የሚወስደው በሥሩ በኩል ሳይሆን በገለባው አማካኝነት በቀጥታ ከአፈር ነው። ካልሲየም ሲያንሰው ገለባው ባዶ ይሆናል። በብዙ አገሮች ገበሬዎች በአበባ ወቅት ጂፕሰም የሚበትኑት ለዚህ ነው።

ፍሬው ለመድረስ ከ4 እስከ 5 ወራት ይወስዳል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚከሰት የውሃ እጥረት ግን ብርቱ አደጋ ያስከትላል። በድርቅና በሙቀት የተጎዳ ፍሬ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ለሚያመነጭ ሻጋታ ይጋለጣል። ይህ መርዝ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። መርዙ ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለላም ቢሰጥ እንኳ ወደ ወተቷ ይተላለፋል።

ስለዚህ ባልዲውን ውሃ አያስጠሙት። ምርቱንም እንደነቀሉ ፈጥነው ያድርቁ፤ የሻገተውን ያለ ርኅራኄ ይጣሉ። በዝናብ ብቻ የሚያመርት ገበሬ ግን እርስዎ በአንድ ጣሳ ውሃ የሚያስወግዱትን ስጋት ሰማይ ሰማይ እያየ ይጠብቃል። የአንድ ባልዲ አዝመራ ከአንድ እፍኝ ቢያልፍም ባያልፍም፣ ይህን ማስተዋል ብቻውን ድካሙን ይክሳል።